የሰማዩ ጌታ ስሙ ማን ነው?



በኮልፌ ቀራንዮ እንዳሉት ብዙ አጥቢያዎች ሁሉ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ወላይታው፣ ጋሞው፣ ሲዳማው፣ አማራው በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ያመልካል። ስብከቱ በአማርኛ ነው። የጸሎቱ ሰዓት ደርሶ ልብ ሲሞቅ ግን ብዙው ሰው ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል፤ አንዱ «ዋቃዮ» ሲል ይሰማል፣ ሌላው «ጦሳ»፣ ሌላዋ «ማጋኖ»። ለዓመታት ይህን ጉዳይ አድርጎ የጠየቀ አልነበረም። አሁን በቴሌግራም የሚዘዋወረው ሁሉ ወደ ጉባኤያችን ይገባልና «ዋቃዮ የባዕድ አምልኮ ስም ነው፤ ክርስቲያን በዚህ ስም መጸለይ የለበትም» የሚል ትምህርት የሰሙ እኅቶች ግራ ተጋብተው መጡ። አንዲቱ ከዚያ ወዲህ በኦሮምኛ መጸለይ እንደ ፈራች ነገረችኝ። በሌላ ወገን አንዳንድ ወጣቶች «ዋቃ ያው እግዚአብሔር ከሆነ አያቶቻችን ቀድሞም ያውቁት ነበር፤ ታዲያ ወንጌል ምን ጨመረልን?» ይላሉ። በመንገድና በሕንፃ ሥራ ከቻይናውያን ጋር የሚውሉ ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ «እነርሱም በሰማይ የተቀመጠ ንጉሥ አለ ይላሉ፤ እርሱስ ማን ነው?»

ሦስቱ ጥያቄዎች ሥራቸው አንድ ነው። ሰው ከራሱ ቤት ይልቅ የጎረቤቱን ቤት ጉድለት ማየት ይቀለዋልና ከሩቁ፣ ከቻይና፣ ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቻይና ሕዝብ እምነትና በታኦ ሃይማኖት የሰማዩ ንጉሥ ዩሁዋንግ ይባላል፤ «የጄድ ንጉሠ ነገሥት» ማለት ነው። ጄድ ቻይናውያን እጅግ አክብረው የሚይዙት የከበረ ድንጋይ ነው። ይህ ንጉሥ በሰማይ ቤተ መንግሥት አለው፤ በሥሩም ሚኒስትሮች፣ የጦር አዛዦች፣ ጸሐፊዎችና መዝገብ ቤቶች አሉ። ለነጎድጓዱ ሹም አለ፣ ለወንዙ ሹም አለ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጠባቂ አምላክ አለው፤ እርሱም እንደ አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ለበላይ አካል ሪፖርት ያደርጋል። ሰንሰለቱ እስከ ማድቤት ይወርዳል። ከምድጃው በላይ የማድቤቱ አምላክ ሥዕል ይለጠፋል፤ ቤተሰቡ የሚናገረውንና የሚሠራውን ዓመቱን ሙሉ ሲያይ ይከርምና አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ወደ ሰማይ ወጥቶ ለንጉሡ ይናገራል። እናም ከመሄዱ በፊት በሥዕሉ አፍ ላይ ማር ወይም የሚያጣብቅ ጣፋጭ ይቀቡለታል። ሐሳቡ ሁለት ነው፤ ወይ ጣፋጭ ጣፋጩን እንዲናገር፣ ወይ አፉ ተጣብቆ ምንም እንዳይናገር። ከዚያም ሥዕሉ ይቃጠላል፤ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህን ማር አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዩሁዋንግ የሕይወት ታሪክ ያለው ንጉሥ ነው። የታኦ መጻሕፍት እንደሚተርኩት መጀመሪያ የአንድ መንግሥት አልጋ ወራሽ ነበር። በኋላ ዙፋኑን ትቶ ወደ ተራራ ገባ፤ ለማይቆጠር ዘመን በጎ እየሠራና ራሱን እያጠራ ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ወጥቶ እዚህ ደረሰ። የልደቱ ቀን በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በመጀመሪያው ወር በዘጠነኛው ቀን ይከበራል። በታኦ ትምህርትም የመጨረሻው ከፍታ ላይ ያለ አይደለም፤ «ሦስቱ ንጹሐን» የሚባሉት ከእርሱ በላይ ናቸው።

ስሙ በመንግሥት ደረጃ የገነነበት ዘመንም ይታወቃል። የሶንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዠንዞንግ በ1005 ከሰሜናዊው የሊያዎ መንግሥት ጋር ሲታረቅ በየዓመቱ 100,000 ሊያንግ ብርና 200,000 ጥቅል ሐር ሊሰጥ ተስማማ። ሊያንግ የቻይና ሚዛን ነው። ለአንድ «የሰማይ ልጅ» ተብሎ ለሚጠራ ንጉሥ ይህ ትልቅ ውርደት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1008፣ ከሰማይ የወረደ ደብዳቤ በቤተ መንግሥቱ በር ተሰቅሎ ተገኘ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ንጉሡ ወደ ታይ ተራራ ሄዶ ታላቅ መሥዋዕት አቀረበ። ከዚያም የዩሁዋንግን አምልኮ የመንግሥት አደረገው፤ የማዕረግ ስምም ጨመረለት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምድራዊው ንጉሥ ለሰማያዊው ንጉሥ ማዕረግ ሲሰጥ!

ወጣቶቻችን በፊልምና በካርቱን የሚያውቁት የዝንጀሮው ንጉሥ የሱን ዉኮንግ ታሪክም ከዚህ ቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው ዝነኛ ልብ ወለድ ውስጥ ዩሁዋንግ ዝንጀሮውን ዝም ለማሰኘት የፈረስ ጋጥ ሹም አድርጎ ይሾመዋል። ዝንጀሮው ሹመቱ ዝቅተኛ መሆኑን ሲያውቅ ያምፃል፤ የሰማይ ሠራዊት ሁሉ ሊይዘው ያቅተዋል፤ በመጨረሻ የሰማዩ ንጉሥ ቡድሃን ለእርዳታ ያስጠራል። የሰማይ ሹማምንትም እንደ ምድሮቹ ሲደናበሩ የሚታዩበት መጽሐፍ ነው፤ ቻይናውያን ራሳቸው ለዘመናት ሲስቁበት ኖረዋል።

እኛ ግን ለመሳቅ አንቸኩል። ሰው ሰማይን የሚሥለው በሚያውቀው ቤተ መንግሥት ልክ ነው። ቻይናዊው መዝገብ ቤትና ሪፖርት ያውቅ ነበር፤ ሰማዩም መዝገብ ቤት ሆነ። እኛ ደጅ የጠናን፣ እጅ መንሻ ይዘን አጋፋሪ የለመንን ሕዝብ ነን። ዛሬም አንድ ቢሮ ጉዳይ ካለን መጀመሪያ የምንባባለው «እዚያ ቤት ሰው አለህ?» ነው። እግዚአብሔር ጋ ለመድረስ «ሰው» የምንፈልግ ስንት ነን? በየሳምንቱ አዲስ ነቢይ ቤት የሚሰለፈው የእኛው የወንጌል አማኝ ምን ፈልጎ ይመስላችኋል?

ቻይና ግን ከዩሁዋንግ በፊት ሌላ ስም ታውቅ ነበር። ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ በአጥንትና በኤሊ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ የሻንግ ዘመን ጽሑፎች «ዲ» ወይም «ሻንግዲ» ስለሚባል የበላይ ገዥ ይናገራሉ፤ «በላይ ያለው ገዥ» እንደ ማለት ነው። በኋላ የመጣው የጆው ሥርወ መንግሥት ደግሞ «ቲየን»፣ ማለትም «ሰማይ»፣ ማለትን አዘወተረ። በቤጂንግ የሰማይ ቤተ መቅደስ የሚባለው ስፍራ በ1420 ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በክረምታቸው ዕለት እየጾመ ወደዚያ ሄዶ ለሻንግዲ ይሰግድ ነበር። በዚያ ለሻንግዲ የተሠራ ምስል አልነበረም፤ ስሙ የተጻፈበት ጽላት ብቻ ነበር። ተራው ሕዝብ በዚህ አምልኮ ድርሻ አልነበረውም። በሰማይ ፊት የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገበሬው ከማድቤቱ አምላክ ጋር ይጨርሳል።

የወንጌል መልእክተኞች ቻይና ሲገቡ ታዲያ ትልቁ ጭንቀታቸው ይህ ሆነ። እግዚአብሔርን በቻይንኛ ምን ብለን እንጥራው? ኢየሱሳዊው ማቴዎ ሪቺ በ1603 ባሳተመው መጽሐፉ «ቲየንዡ»፣ የሰማይ ጌታ፣ አለው፤ የጥንት መጻሕፍታቸው ሻንግዲ የሚሉትም እርሱው ነው ብሎ ተከራከረ። ሌሎች ካቶሊኮች አልተቀበሉትም። ክርክሩ ሮም ደርሶ ጳጳሱ ክሌመንት 11ኛ በ1704፣ ኋላም በ1715፣ ቲየንና ሻንግዲ የሚሉት ስሞች ለእግዚአብሔር እንዳይውሉ ከለከሉ፤ ቲየንዡ ብቻ ቀረ። ፕሮቴስታንቶቹም አልተሻሉም። በ1807 ቻይና የገባው ሮበርት ሞሪሰን «ሼን» የሚለውን ቃል መረጠ፤ አምላክ ወይም መንፈስ እንደ ማለት ነው። በ1840ዎቹ አዲስ ትርጉም ለማዘጋጀት የተሰበሰቡት ተርጓሚዎች ግን «ሼን» እና «ሻንግዲ» በሚል ለሁለት ተከፈሉ። የሻንግዲን ስም የተቃወሙት አንዱ ምክንያታቸው ሕዝቡ ዩሁዋንግንም «ዩሁዋንግ ሻንግዲ» እያለ መጥራቱ ነበር። አልተስማሙም። በ1919 የወጣውና እስከ ዛሬ እጅግ የሚነበበው የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት ዓይነት ይታተማል፤ በአንዱ «ሼን»፣ በሌላው «ሻንግዲ»። የቀረው ቃል አንድ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ያልተለያዩበት ነገር ግን አለ፤ ዩሁዋንግ የሚለውን ስም ለአብ አልሰጡም። ልደት ያለው፣ በሥራው ብዛት ተሹሞ የወጣ፣ ማዕረጉን ከንጉሥ የተቀበለ ሰው ሰማይና ምድርን ፈጠረ ሊባል አይችልማ።

እዚህ ላይ «ፓስተር፣ ኢየሱስስ ልደት የለውም እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አለው። ነገር ግን መንገዶቹን አስተያዩ። ዩሁዋንግ ሰው ሆኖ ጀምሮ ወደ ዙፋን የወጣ ነው። በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 የምናነበው ግን ከዙፋኑ ወርዶ የባሪያን መልክ ስለ ያዘው ነው። የቤተ ልሔሙ ልደት የእርሱ መጀመሪያ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን። ሪቺ ቻይና ከመግባቱ ከ1,200 ዓመት በፊት ይህ ጥያቄ አክሱም ላይ ተነሥቶ ነበር። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ባስቀረጻቸው ቀደምት ጽሑፎች ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ማሕረም የጦርነት አምላክ ነው፣ በግሪክኛው ጽሑፍ «አሬስ» ተብሎ ተተርጉሟል። በዘመኑ ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት አለ። ከዚያ ፍሬምናጦስ፣ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ የመጣው፣ ወንጌልን ሰበከ፤ በገንዘቡ ላይ በጨረቃው ፈንታ መስቀል ገባ። በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግእዝ ባስቀረጸው ጽሑፍም ንጉሡ ድሉን የሚሰጠው ለ«እግዚአ ሰማይ»፣ ለሰማይ ጌታ፣ ነው። በዚህ የግእዝ ጽሑፍ የክርስቶስ ስም የለም። በ1969 በተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ግን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በግልጽ ተጠርተዋል።

ሊቃውንት ስለዚህ ልዩነት ብዙ ተከራክረዋል። በእኔ አስተያየት ነገሩ እንደዚህ ነው፤ ግሪክኛውን የሚያነበው የውጭ ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ ግእዙን የሚሰማው ደግሞ ትናንት ለማሕረም የሠዋ የአገሩ ሰው ነው። ለዚህ ሰው የሚከፈተው የመጀመሪያ በር «የሰማይ ጌታ» ነበር። ማንም ሰው ቢሆን ከላይ ገዥ እንዳለ ያውቃላ።

«እግዚአብሔር» የሚለው ስማችንስ ከየት መጣ? «እግዚእ» ጌታ ነው፤ «ብሔር» አገር፣ ምድር፣ ዓለም ነው። የዓለም ጌታ ማለት ነው። ደግሞም ከክርስትና በፊት በነበሩ የአክሱም ጽሑፎች ላይ አስታር፣ ብሔርና ምድር ከአማልክት ስሞች ጋር ተዘርዝረው ይገኛሉ። «አምላክ» የምንለውም ቃል ብዙ ቁጥሩ «አማልክት» ነው፤ ለጣዖታቱም ለእውነተኛውም የምንጠቀምበት አንዱን ቃል ነው። እንግዲህ «ዋቃዮ ድሮ በማያምኑ ሰዎች አፍ የነበረ ስም ነው፣ ይጣል» የሚል ወንድም በዚያው ሚዛን የራሱን አማርኛ ቢመዝን ምን ይተርፈዋል?

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ አያፍርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱት አይሁድ «ቴዎስ» የሚለውን የግሪኮች ተራ ቃል ወሰዱ። «ዜውስ»ን ግን አልወሰዱም፤ ዜውስ አባትና እናት፣ ሚስትና የቅሌት ታሪክ ያለው ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስም በልስጥራ ሕዝቡ በርናባስን ዜውስ (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን «ድያ») ብሎ ሊሠዋለት ሲነሣ ልብሱን ቀደደ፤ ቀጥሎ ግን የጠቀሰላቸው ከሰማይ ዝናብን፣ ከምድርም ፍሬን ሲሰጣቸው የኖረውን ሕያው አምላክ ነበር (ሐዋ. 14)። በአቴና ደግሞ ሳያውቁ ከሚያመልኩት ተነሣ (ሐዋ. 17)። ቀደም ሲል አይሁድ በፋርስ መንግሥት ሥር ሳሉ ለባዕድ ሹማምንት ሲጽፉና ሲናገሩ አምላካቸውን «የሰማይ አምላክ» ይሉት ነበር፤ ዕዝራ ምዕራፍ 5ን ተመልከቱ። ዳንኤልም በባቢሎን፣ ዮናስም በመርከቡ ላይ እንዲሁ አድርገዋል። እንግዳ ሰው ሊረዳው የሚችለው ስም እርሱ ነበርና።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ «ዋቃ» ሰማይም ነው፣ ፈጣሪም ነው። «ዋቃ ጉራቻ»፣ ጥቁሩ ዋቃ፣ ይሉታል፤ ዝናብ ያዘለ ደመና የሚጠቁረውን፣ ጥልቅ ሆኖ የማይመረመረውን ያህል። ምስል የለውም፣ የልደት ቀን የለውም። ይህን አምልኮ በምዕራብ ወለጋ ኖሮ ያጠናው የካቶሊክ መልእክተኛ ላምበርት ባርትልስ በ1983 ባወጣው መጽሐፉ በሰፊው ጽፎታል። ስሙ ከኦሮሞም ያልፋል። ኮንሶዎች ያውቁታል፤ የጥንት ሶማሌዎችም ያውቁት ነበር፤ ዛሬም «ኤል ዋቅ» የሚባል ቦታ በሶማሌና በኬንያ ድንበር አለ።

የጀርመኑ መልእክተኛ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ሲኖር ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀምሮ ነበር። ሥራውን የፈጸመው ግን በባርነት የተሸጠ ልጅ ነው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ይህ ልጅ የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበር። ትርጉሙ «ፈቺ፣ ተርጓሚ» ማለት መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ እገረማለሁ። ገና በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያ በ1870 ወርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት የባሪያው ስም ነው። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ፊደሉም የእኛው የግእዝ ፊደል ነበር። አስቴር ጋኖም አብራው ሠርታለች። እርሷም በባርነት ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል በ1886 የጣሊያን መርከብ ያስጣላት ልጅ ናት፤ በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር ያወጣችው የንባብ መጽሐፍ ከልጅነቷ የያዘቻቸውን የሕዝቡን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዜማዎች አቆይቶልናል።

ኦኔሲሞስ ለእግዚአብሔር ስም ምን ይምረጥ? በባዕድ ቋንቋዎች መካከል የኖረ ሰው ቢሆንም ከውጭ ስም አላስገባም። «ዋቃዮ» አለ። ያን ስም በመጀመሪያ የሰማው ከእናቱ መሆን አለበት፤ ከእናቱ ቤት ከወሰደው ነገር ሁሉ ነጋዴዎቹ ሊቀሙት ያልቻሉት ቋንቋውን ነበርና። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምር ሕዝቡ ተሰበሰበ። በ1906 ተከሶ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፣ እንዳይሰብክ ግን ተከለከለ። በ1916 በልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በዝምታ አስተማረ። በ1931 በዚያው በነቀምቴ ዐረፈ። ያቺ በኦሮምኛ መጸለይ የፈራች እኅቴ የፈራችው ስም ይህ ነው።

ይህን ብዬ ግን የሁለተኛውን ወገን ጥያቄ ልዝለለው አልችልም። ስሙ ትክክል መሆኑ ብቻውን ማንንም አላዳነም። በምዕራብ ጉራጌ የሆነውን እዩ። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በ1966 ባሳተመው «ጉራጌ» በተባለው መጽሐፉ እንደ ጻፈው ያው «ዋቅ» የሚለው ስም በዚያ የራሱ ቤተ አምልኮና አገልጋዮች ያሉት የሰማይ አምላክ ነበር፤ ቦዠ የነጎድጓዱ፣ ዳሟሟይት ደግሞ የሴቶች አምልኮ ያላት ነበረች። ከእነዚህ ሁሉ በላይ «እግዘር»፣ ፈጣሪው፣ እንዳለ ሰዉ ያውቃል፤ ነገር ግን ሩቅ ነው። መሥዋዕቱና ስእለቱ የሚሄደው ቅርብ ወዳሉት ነው። አንድ ስም በአንዱ ወንዝ ማዶ የፈጣሪ፣ በሌላው ማዶ ከብዙዎቹ የአንዱ ሆነ። በኦሮሞም ዘንድ ዋቃ አንድ ቢሆንም በሰውና በእርሱ መካከል አያናና ቃሉ አለ። (የእሬቻ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነውና እዚህ አልገባበትም።)

ችግሩ ይህ ርቀት ነው። ሰማይ ድሮ ቅርብ ነበር፣ ከሰው ጥፋት የተነሣ ራቀ የሚሉ ትረካዎች በአገራችን በብዙ ሕዝቦች መካከል ይነገራሉ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን ያነበበ ሰው በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ የሚያውቀውን ድምፅ ይሰማል። የቻይና ገበሬ በሰማይና በራሱ መካከል ንጉሠ ነገሥትና መዝገብ ቤት ነበረበት፤ የእኛ ገበሬ ጠንቋይና ቃልቻ ነበረበት። አያቶቻችን ገዥው መኖሩን ያውቁ ነበር፤ ወደ እርሱ የሚገባበትን በር ግን አላገኙትም። ወንጌል የጨመረልን በሩን ነው፤ ዮሐንስ 10ን እና 14ን እንደ ገና አንብቡ። «አያቶቼ ዋቃን ያውቁ ነበር» የሚለው ወጣት እውነቱን ነው። ታዲያ ያው አያት ልጁ ሲታመም በሬውን ጎትቶ የወሰደው ወዴት ነበር?

ይህን ከማንም በላይ አጥርቶ የሚያሳየው የጋሞው ሰው የኢሳ ላሌ ታሪክ ይመስለኛል። ይህ ሰው በ1920ዎቹ፣ የወንጌል መልእክተኞች ወደዚያ አገር ገና ሳይደርሱ፣ ከጋሞ ተነሥቶ እስከ ወላይታና አጎራባቾቹ ድረስ እየዞረ አንድ ነገር ሰበከ፦ ለሰይጣን መሠዋት ይቅር፣ ፈጣሪ ጦሳ ብቻ ይመለክ፣ ሰው ባልንጀራውን አይበድል። መጽሐፍ አልነበረውም። የነበረው ስምና ትእዛዝ ነው። ሰዎች ተከተሉት፤ ብዙዎች የአምልኮ ዕቃቸውን ጣሉ። የጸሎት ሥርዓት እንዲሆናቸው ያስተማራቸው ደግሞ ይህን ነበር፦ እሑድ ጠዋት የቤቱ አባወራ ቤተሰቡን ሰብስቦ ማር ያስቀርባል፤ ጣቱን በማሩ ነክሮ ወደ ሰማይ ይረጫል፤ ወደ ጦሳም ይጸልያል።

ሁለቱን ማሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቻይናዊቷ እናት ማሩን የምትቀባው ወሬ አቀባዩን ዝም ለማሰኘት ነው፤ የሰማዩ ንጉሥ ቢሰማ ትፈራለች። የጋሞው አባት አቀባዩን ትቶታል። መካከለኞቹን ሁሉ ጥሎ በቀጥታ ወደ ላይ ይረጫል፤ ጦሳ እንዲሰማው ይፈልጋል። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ነገር ግን ማሩ ወደ ላይ ተረጭቶ ተመልሶ የሚወድቀው በደጁ ሣር ላይ ነው። ጦሳ ራሱ እንደ ወረደ ገና ማንም አልነገረውም።

በ1928 በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ሶዶ ደረሰ። እነርሱም ለእግዚአብሔር አዲስ ስም አላመጡም፤ «ጦሳ» ብለው ሰበኩ፣ ልጁ ኢየሱስ መሆኑንና ስለ ኃጢአታችን መሞቱን ነገሩ። መጀመሪያ ፍሬው ዘገምተኛ ነበር። በ1937 ጣሊያኖች መልእክተኞቹን ከአገር ሲያስወጡ በወላይታ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በቋንቋቸው የነበራቸውም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያ እስራቱ መጣ፣ ግርፋቱ መጣ፣ ጸሎት ቤቶቹ ፈረሱ። ጣሊያን ወጥቶ መልእክተኞቹ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች 10,000 ያህል ነበሩ። በዕድሜ የገፉት ኢሳ በየደጃቸው ያለፈ ጊዜ የተናገረውን ያስታውሱ ነበር። ስሙን ከእርሱ ሰምተውት ነበር፤ አሁን በዚያው ስም፣ ያለ ማር፣ በኢየሱስ በኩል ይጸልዩ ነበር።